መታመምን የሚሻ ሕመም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የአእምሮ ጤና መታወክ ነው። አብዛኞቻችሁ ሰምታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ። ሐኪሞችም ቢሆኑ ብዙዎቹ በመጽሐፍ እንጂ በዐይናቸው አላዩትም፤ ወይም አይተውት አላወቁትም። በዝግጅቱ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ጊዜው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ቦታው ለንደን። ውድቅት ላይ አንድ ሰው ሆዱን ይዞ እያቃሰተ ሆስፒታል ይገባል። ተረኛው ሐኪም ልብሱን ገልጦ ሲያይ የሰውየው ሆድ ከላይ እስከ ታች የቀዶ ጥገና ጠባሳ ነው። ሲጠየቅ አይቸግረውም፤ የት እንደታመመ፣ ማን እንደቀደደው፣ ምን እንዳሉት ያለ አንዳች መደናቀፍ ይተርካል። ሐኪሙ ያዝናል፤ ያስተኛዋል፤ አንዳንዴም በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገና ክፍል ያስገባዋል። ሆዱ ሲከፈት ምንም የለም። ጥቂት ቀን ሰንብቶ ጥርጣሬ ሲጀመር ሰውየው ከነርሶቹ ጋር ይጣላል፣ ሐኪሙን ይሰድባል፣ «በራሴ ኃላፊነት ወጥቻለሁ» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሆስፒታል፣ በሌላ ስም፣ ያንኑ ሆዱን ይዞ ያቃስታል።

እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ልብ ብሎ ያጠናቸው ሪቻርድ አሸር የተባለ የለንደን ሐኪም ነው። ሴንትራል ሚድልሴክስ በተባለ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። በ1951 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ ነገሩንም «ሙንሻውዘን ሲንድረም» አለው። ሙንሻውዘን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የጀርመን ባላባት ነው። በሩሲያ ጦር ውስጥ አገልግሎ፣ ከቱርኮች ጋር ተዋግቶ አገሩ ሲገባ፣ ከእራት በኋላ ለእንግዶቹ የማይታመን ጀብዱ ያወራ ነበር። በ1785 ራስፐ የተባለ ጸሐፊ ይህን መሰል ወሬ ሰብስቦ፣ የራሱንም ጨምሮ ለንደን ላይ ስላሳተመው ባላባቱ ገና በሕይወት ሳለ ስሙ የቀጣፊ መጠሪያ ሆነ። እኔ በበኩሌ ስያሜውን አልወደድኩትም። ባላባቱ የሚያወራው እንግዳ ለማሳቅ ነው፤ አሸር ያያቸው ሰዎች ግን ማንንም አያስቁም፤ ሆዳቸውን እያስቀደዱ ነበር።

 

አሸር ሕሙማኑን በሦስት ከፈላቸው፤ በሆድ ቁርጠት የሚመጡ፣ ደም እየፈሰሰን ነው የሚሉ፣ ራሳቸውን የሚስቱና የሚንፈራገጡ። ለሐኪሞችም ምልክት ሰጣቸው፤ ጠባሳ የበዛበት ሆድ፣ የየሆስፒታሉ ካርድ የታጨቀበት ቦርሳ፣ ቁጣና ሽሽት የተቀላቀለበት ጠባይ። ማጋነን የመሰለው ሰው ካለ፣ በ1979 የብሪታንያ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ አንድ ሰው የቀረበ ጽሑፍ አለ፤ ሁለት ሐኪሞች ዱካውን ተከትለው፣ በብሪታንያና በአየርላንድ ከ60 በላይ ሆስፒታሎች ውስጥ ከ200 ጊዜ በላይ መተኛቱን መዝግበዋል። ስሙን እየቀያየረ ነው። አከርካሪው በመርፌ ስንቴ እንደተወጋ፣ ሆዱ ስንቴ እንደተከፈተ ቁጠሩት።

እንግዲህ ጥያቄው «ምን ሊያገኝ?» የሚለው ነው። ሰው በቢላዋ ለመቀደድ ብሎ ይዋሻል?

አሸር ራሱ መልስ ፍለጋ ሲሄድ ብዙ ነገር ደርድሯል፤ የሰው ሁሉ ዐይን እንዲያርፍበት መፈለግ፣ በሐኪሞች ላይ ቂም መያዝ፣ የሱስ መድኃኒት ፍለጋ፣ ከፖሊስ መደበቅ፣ ለአንድ ሌሊት ነፃ አልጋና ምግብ ማግኘት። የዛሬው የአእምሮ ሕክምና ይህን ዝርዝር ለሁለት ቆርጦታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ፋክቲሺየስ ዲስኦርደር የሚል ክፍል ገባ፤ ሕመምን የማስመሰል መታወክ ማለት ነው። ገንዘብ ለማግኘት፣ ከውትድርና ለማምለጥ፣ ከእስር ለመዳን፣ መድኃኒት ለማግኘት ታመምኩ የሚል ሰው ከዚህ ክፍል ወጣ። የእሱ ሥራ ማታለል ነው፤ ዓላማውም ከውጭ ይታያል፤ ዓላማው ሲሳካ ሕመሙም አብሮ ይድናል። የአእምሮ ሕመምተኛ አይባልም።

ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ልዩነት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አውቶቡስ ላይ የሆስፒታል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ወጥቶ «ለቀዶ ጥገና እርዱኝ» የሚል ሰው ሁላችንም አይተናል። ብዙው እውነተኛ ችግረኛ ነው። ወረቀቱ ሐሰት ከሆነ ግን ሰውየው የሚፈልገው ብር ነው፤ ብሩን ሰጥታችሁ «ና ሆስፒታል ላስተኛህ» ብትሉት እግሩ ከእናንተ ይፈጥናል። ሕመምን የማስመሰል መታወክ ያለበት ሰው ግን የሚፈልገው አልጋውን ነው። የሚፈልገው ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ እንዲጠይቀው፣ ነርሷ ሌሊት መጥታ እንድታየው፣ ጠያቂ አልጋውን ከቦ «እግዜር ይማርህ» እንዲለው ነው። ብር ስጡት፣ አይድንም። እየዋሸ መሆኑን ያውቃል፤ ሽንቱ ውስጥ ደም ሲጨምር በድብቅ ነው፣ ሰው እንዳያየው በር ይዘጋል። ለምን እንደሚያደርገው ብትጠይቁት ግን የሚመልሰው የለውም። እዚህ ላይ ነው ውሸቱ ራሱ ሕመም የሚሆነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ሦስተኛ ሰው አለች። ድንገት እግሯ አልንቀሳቀስ ያለ፣ ድምፅዋ የጠፋ፣ ወይም የሚጥል በሽታ በሚመስል ሁኔታ የምትወድቅ ልጅ ናት። ራጅ ትነሣለች፣ ደሟ ይመረመራል፣ ጭንቅላቷ በማሽን ይታያል፤ ጉዳት የለም። በአገራችን ይህች ልጅ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይገጥማታል። አንዱ ወገን «ሰፍሮባት ነው» ብሎ ጠበል ይወስዳታል፤ ሌላው «አውቃ ነው፣ ድራማ ነው» ብሎ ይቆጣታል፤ ጭራሽ በጥፊ የሚላትም አይጠፋም። አድማጮቼ፣ አውቃ አይደለም። እግሯ እውነት አልታዘዝ ብሏታል። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ መታወክ ነው፤ አንጎል አካልን የሚያዝበት መንገድ ሲስተጓጎል የሚመጣ ሲሆን ማስመሰል የለበትም፤ ሕክምናም አለው። ዛሬ ስለ አስመሳዮች ሰምታችሁ ነገ እንዲህ ያለችውን ልጅ «አገኘንሽ!» የምትሉ ከሆነ ይህን ዝግጅት ባላቀርበው ይሻለኝ ነበር።

ምን ያህል ሰው ይይዛል? የሚደበቅ ነገር አይቆጠርም። የአሜሪካው መመሪያ ሆስፒታል ከተኙት ሕሙማን መካከል 1 በመቶ ገደማ ይሆናል ብሎ ይገምታል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በተለያዩ የሕክምና መጽሔቶች የተዘገቡ 455 ሰዎችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ናቸው፤ አማካይ ዕድሜያቸው 34 ዓመት። ሥራቸው ሲታይ ከሁሉ ጎልቶ የወጣው የጤናና የላቦራቶሪ ሙያ ነው። ይህ ብዙ ሰው ያስገርማል እንጂ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ሐኪምን ለማታለል የሐኪሙን ጥያቄ አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል፤ መርፌውም መድኃኒቱም በእጅ ነው። ከ10 ሰዎች 4ቱ ያህል ድብርት የነበረባቸው ወይም ያለባቸው ናቸው። ደግሞም ከግማሽ የሚበልጡት በአፍ «አመመኝ» ብለው አልቆሙም፤ በገዛ አካላቸው ላይ ሕመሙን ፈጥረውታል።

እንዴት ይታወቃል ለሚለው፣ ሐኪሞች የሚያደንቁትን አንድ ምርመራ ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ስኳሯ እየወረደ ራሷን እየሳተች ትመጣለች እንበል። የስኳር በሽታ የለባትም። ሐኪሞቹ ቆሽቷ ላይ ኢንሱሊን የሚያመነጭ እጢ በቅሎ እንደሆነ ይጠረጥራሉ፤ ከባድ ቀዶ ጥገና ሊታሰብ ነው። ነገር ግን ቆሽት ኢንሱሊን ሲሠራ ብቻውን አይለቀውም፤ ሲ-ፔፕታይድ የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር በእኩል ቁጥር አብሮት ወደ ደም ይገባል። በብልቃጥ የሚሸጠው ኢንሱሊን ግን ይህ ጓደኛ የለውም። ስለዚህ ስኳሯ በወረደበት ሰዓት በተቀዳው ደም ውስጥ ኢንሱሊኑ ከፍ ብሎ፣ ሲ-ፔፕታይዱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ኢንሱሊኑ የመጣው ከቆሽቷ ሳይሆን ከመርፌ ነው። እጢ የለም፤ ቀዶ ጥገናውም ቀረ። የስኳር እንክብል፣ ለምሳሌ ግሊቤንክላማይድ፣ ይህን ምርመራ ያደናግራል፤ ቆሽትን ራሱን ስለሚቀሰቅስ ሁለቱም ከፍ ይላሉ። ለዚያ ደግሞ መድኃኒቱን ራሱን ከደም ወይም ከሽንት ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሌላው በዐይን የሚለይ ነው። ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪ ይላል፤ የልብ ምቱ የጤነኛ ነው፤ ግንባሩም ቀዝቃዛ። የማይድን ቁስል በጄሶ ተሸፍኖ እጅ እንዳይደርስበት ሲደረግ በአጭር ጊዜ ይሽራል። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ነው ሲባል ሌላው ሰው «ተመስገን» ይላል፤ ይህኛው ግን ፊቱ ይጠቁራል፤ በማግሥቱም አዲስ ምልክት ይዞ ይነሣል።

እዚህ ላይ ሐኪሞችም የሚሳሳቱበት ወጥመድ አለ። አስር ጊዜ የዋሸ ሰው በአስራ አንደኛው ትርፍ አንጀቱ እውነት ሊያብጥ ይችላል። ራሱን ሲወጋ የኖረ ሰው ደሙ በተሕዋስ ይመረዛል፤ ደጋግሞ የተከፈተ ሆድ አንጀቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ውሸቱ እውነተኛ በሽታ ይወልዳል፤ በዚያም የሞቱ አሉ።

ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ ሕይወታቸው ወደ ኋላ ሲታይ በልጅነት የተጣሉ፣ የተደበደቡ፣ ወላጅ የሞተባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ልጅ ሳሉ በጠና ታመው ሆስፒታል የተኙ ናቸው፤ በሕይወታቸው ውስጥ ሰው የራራላቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያ ልጅ አድጎ ሲከፋው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም። እኛ ጋ ጤነኛ ሰው «ከፍቶኛል፣ እዩኝ» ማለት ያፍራል፤ የታመመ ሰው ግን ሳይጠራ ዘመድ ይመጣለታል፣ የተኳረፈ ይታረቀዋል፣ አጥሚት ይሠራለታል። ይህ ወግ ጥሩ ወግ ነው፤ እንዲቀር አልመኝም። ግን ሳይታመም እንዲህ የታየበት ቀን የሌለ ሰው መታመምን ቢናፍቅ ልደነቅ አልችልም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። ሕፃናት ያላችሁ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጉት።

በ1977 በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ከተማ፣ ሮይ ሜዶው የተባለ የሕፃናት ሐኪም በዚያው በላንሴት መጽሔት ላይ ሁለት ልጆችን አስመልክቶ ጻፈ። አንደኛዋ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሽንቷ በደምና በመግል እየተበከለ ስንት ሐኪም ዘንድ ተመላልሳለች። ችግሩ ከልጅቱ ሳይሆን ከናሙናው ነበር፤ እናትየዋ ትነካካው ነበር። ሁለተኛው ሕፃን ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ከልክ እያለፈ ደጋግሞ ሆስፒታል የሚገባ ነው። ሆስፒታል ውስጥ እናቱ በሌለችበት ደህና ነው፤ ቤት ሲመለስ ይታመማል። ሐኪሞቹ ጉዳዩን ተረድተው ሕፃኑን ለማዳን ሲዘጋጁ ልጁ ሞተ። ጨው ያጠጣችው እናቱ ነበረች። ሜዶው ይህን «በውክልና የሚመጣ ሙንሻውዘን» አለው። ዛሬ በመመሪያዎቹ ውስጥ በሌላ ሰው ላይ የሚጫን የማስመሰል መታወክ ይባላል፤ ሕመምተኛ ተብሎ የሚመዘገበውም አዋቂው እንጂ ልጁ አይደለም። ልጁ የጥቃት ሰለባ ነው።

እንዲህ ያለች እናት ከሩቅ ስትታይ የተመሰገነች አስታማሚ ናት። ከልጇ አልጋ አትለይም፤ የመድኃኒቱን ስም ሁሉ ታውቃለች፤ ነርሶቹን ትረዳለች። ልጁ ላይ ነገሩ የሚብሰው እሷ ብቻዋን ስትሆን ነው። በ1997 የታተመ ሌላ የእንግሊዝ ሥራ፣ ሐኪሞች ጥቃት እንደሚደርስባቸው በጠረጠሯቸው 39 ሕፃናት አልጋ አጠገብ ድብቅ ካሜራ አስቀምጠው በ33ቱ ላይ የሚደርሰውን ጥቃት በፊልም እንደያዙት ይዘግባል። ማመን የሚያስቸግር ቢሆንም ፊልሙ አለ።

ግን ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ አደገኛ ነበር። ይኸው ሜዶው ዝናው ከፍ ካለ በኋላ፣ በ1999 ሳሊ ክላርክ የተባለች እናት በተከሰሰችበት ችሎት ምስክር ሆኖ ቀረበ። ክሱ የማስመሰል ሳይሆን የግድያ ነው፤ ሁለት ጨቅላ ልጆቿ በተለያየ ጊዜ ድንገት ሞተውባታል። ሜዶው «በአንድ እንዲህ ባለ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሕፃናት በድንገት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው» አለ። ቁጥሩ የተገኘው ለአንድ ሞት የተሰጠውን ከ8,543 አንድ የሚለውን ዕድል በራሱ በማባዛት ነው። ማባዛቱ ልክ የሚሆነው ሁለቱ ሞቶች ፈጽሞ ካልተገናኙ ብቻ ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች ግን ደማቸውም ቤታቸውም አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን የገደለ የተፈጥሮ ጉድለት ሁለተኛውንም ሊጠብቀው ይችላል። የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ማኅበር ስሌቱን በአደባባይ ተቃወመ። ተፈርዶባት የነበረችው ክላርክ በ2003 ነፃ ወጣች፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሞተች። ሜዶው በ2005 ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ፤ በዓመቱ ፍርድ ቤት መለሰው። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲመጣ የሚዳኘው የላቦራቶሪ ውጤት፣ የሕክምና መዝገብና የብዙ ባለሙያ ዐይን ነው። የአንድ ታዋቂ ሰው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የጎረቤት ሐሜት ደግሞ ጨርሶ አይቆጠርም። ልጃቸው ሁልጊዜ የሚታመምባቸው፣ ተጨንቀው ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚዞሩ እናቶች እጅግ በጣም ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ልጃቸውን የሚያሳምሙት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ሕክምናውን ባጭሩ። የሚያድን እንክብል የለውም። ድብርት ካለ ድብርቱ ይታከማል፤ ዋናው ግን የንግግር ሕክምና ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። ብዙዎቹ ነገራቸው ሲገለጥ ክደው ይጠፋሉ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ሰውየውን በሰው ፊት «ውሸታም!» ብለው አያጋልጡትም። ለብቻው አስቀምጠው፣ ማስረጃውን ሳይደብቁ፣ «ይህን ያህል ራስህን እስክትጎዳ ያደረሰህ ነገር ቀላል ሊሆን አይችልም፤ በዚያ ልንረዳህ እንፈልጋለን» ይሉታል። ሕክምናውን አንድ ሐኪም ይይዘዋል፤ ቀጠሮውም ሕመም ቢኖር ባይኖር የማይቀር ይሆናል። እንዲታይ የግድ መታመም የለበትም ማለት ነው። በእኛ አገር ካርዱ በየሆስፒታሉ የተለያየ፣ ውጤቱም ሕመምተኛው ራሱ በፌስታል ይዞት የሚዞር በመሆኑ ያለፈውን ታሪክ ማያያዝ ከባድ ነው። ለጤና ባለሙያዎች የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ ነገሩ አልገጥም ሲላችሁ ቀድሞ ወዳከመው ሐኪም ስልክ ደውሉ።

ለእናንተ ለአድማጮቼ ደግሞ ሁለት ነገር። ከቤተሰባችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እንዳለ ከጠረጠራችሁ፣ በድግስና በለቅሶ ቤት አታውሩት፤ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ሄዳችሁ ባለሙያ አማክሩ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ፤ በክልል ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ያለውን ሪፈራል ሆስፒታል ጠይቁ። በልጅ ላይ የሚሆን ነገር ካያችሁ ግን እናትየዋን ራሳችሁ አትጋፈጧት፤ ልጁን ይዛ ልትሰወር ትችላለች። ያያችሁትን፣ ያያችሁበትን ቀንና ሰዓት ይዛችሁ ልጁን ለሚያክመው ሐኪም በቶሎ ንገሩ።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት ከሥነ አእምሮ ባለሙያ ጋር እንመልሳለን።